ቁልቁለቱ ሳይጀምር ፍሬኑን

ዛሬ እንጦጦ ላይ ዘንቧል፤ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደው አስፋልት ገና አልደረቀም። ሳይክል ነጂዎች ተሰብስበው እየሳቁ የሚያወሩት አወዳደቅ ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው የሚጀምረው፦ ቸርኬው ሲረጥብ ፍሬኑ መጀመሪያ እምቢ ይላል፣ ነጂው ደንግጦ ይጨምቀዋል፣ የፍሬኑ ጎማ ውሃውን ጠርጎ ሲጨርስ በድንገት ቀጥ ያደርገዋል። የፊቱ ብቻ ከተያዘማ ክብደቱ ሁሉ ወደ ፊት ሄዶ የኋላው ጎማ ይነሳል፤ ሰውየው በመሪው ላይ ይበራል።

እባካችሁ፣ መታጠፊያው ገና ሩቅ ሳለ ሁለቱንም ፍሬን ለስለስ አድርጋችሁ ያዙ፤ ውሃው ይጠረግ። ፍጥነት የሚቀነሰው ቀጥታው ላይ ነው። መቀመጫችሁን ወደ ኋላ ገፋ አድርጉ። የፍሬኑ ጎማ መስመሮች ከጠፉ ነገ ሳይባል ይቀየር። የዜብራው ቀለም ላይ ደግሞ አትታጠፉ፤ ሲረጥብ ሳሙና ነው።