ከዶሮው ሥር ያደረው ኢንሱሊን

የዓመት ፈቃዴን ሱሉልታ አክስቴ ቤት ነው የማሳልፈው። ትናንት ማታ እንደደረስኩ ያልተከፈተውን ኢንሱሊን «ፍሪጅ ውስጥ ያስቀምጡልኝ» ብዬ ሰጠኋቸው። ጠዋት ብፈልገው የለም። ለካ እትዬ «መድኃኒት አይደል፣ በደንብ ይቀዝቅዝ» ብለው ፍሪዘር ውስጥ፣ ከዶሮው ሥር ወሽቀውታል! ብልቃጡን ሳወጣው ድንጋይ ሆኗል። በረዶ የሠራ ኢንሱሊን ደግሞ ቢቀልጥም አይታመንም፣ መጣል ነው። መቀመጥ ያለበት ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው እንጂ ከዚያ በታች አይደለም።

ደግነቱ የጀመርኩት ብልቃጥ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። የተከፈተው ሙቀት ካልበዛበት ያለ ፍሪጅም 4 ሳምንት ገደማ ይቆያል፤ የሱሉልታ ብርድ ደግሞ (ጋቢ ደርቤም ስንቀጠቀጥ ነው ያደርኩት) ራሱ ፍሪጅ ነው።

ከሥሩ የዘቀጠው ነጭ እንዲዋሃድ ብልቃጡን በሁለት መዳፌ መሃል ቀስ እያልኩ ሳሽከረክር እትዬ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ቆመዋል። መርፌ ማየት አይችሉም።

«ጨረስክ?»

«ገና ነኝ።»

«አሁንስ?»

ሆዴ ላይ ወጋሁ፣ ሸሚዜን መለስኩ። ዞር እንዳሉ «በል ቶሎ ብላ፣ ገንፎው በረደ!» አሉኝ። ሳህኑን አየሁት፤ ለሦስት ሰው ይበቃል።