ከጎርፉ በኋላ የመጣው ዪ ፔንግ

ቺያንግ ማይ፣ ኅዳር 2017 ዓ.ም.

ዘንድሮ ዪ ፔንግ የዋለው ኅዳር 6 ቀን ነው። በዓሉ በሰሜን ታይላንድ የነበረው የጥንቱ የላና መንግሥት ቅርስ ሲሆን፣ በላና አቆጣጠር በሁለተኛው ወር ጨረቃ ሙሉ ስትሆን ይከበራል፤ መላው ታይላንድ በውኃ ላይ መብራት ከሚያንሳፍፍበት ከሎይ ክራቶንግ ጋርም ይገጥማል። ዓለም የሚያውቀው ወደ ሰማይ በሚለቀቁት የወረቀት ፋኖሶች ነው። እዚህ ከተማ ቤት ተከራይቼ መኖር ከጀመርኩ ወዲህ ግን እኔን የያዘኝ የወንዙ ሥርዓት ነው፤ ዘንድሮማ ከሌላው ጊዜ ሁሉ የበለጠ።

በመስከረም መጨረሻ ፒንግ ወንዝ ከ5 ሜትር በላይ ከፍ ብሎ ከተማዋን አጥለቅልቋት ነበር። «ፓ»፣ ማለትም አክስቴ፣ እያልኩ የምጠራቸው አከራዬም ምድር ቤታቸውን ውኃ ገብቶበት ማቀዝቀዣቸውና የስፌት መኪናቸው ጭቃ ውስጥ ተገኙ። ግድግዳው ታጥቦ ቢደርቅም ውኃው የቆመበት ቡናማ መስመር ከወገብ ከፍ ብሎ እስካሁን ይታያል።

በበዓሉ ዋዜማ እዚያው ግድግዳ ሥር ተቀምጠን በወንዙ ላይ የሚንሳፈፈውን ክራቶንግ ሠራን። ከሙዝ ግንድ እንደ ወፍራም ድፎ ዳቦ ክብ አድርገው ይቆርጡና፣ የሙዝ ቅጠሉን በጠባቡ እየሰነጠቁ፣ ጫፉን እያሾሉ እያጠፉ፣ በቀጭን የቀርከሃ ስንጥር ዙሪያውን ይሰኩታል። መሐሉ ላይ ብጫ አበባ፣ ሻማና ሦስት ዘንግ ዕጣን ይቆማል። እሳቸው በመጨረሻ ከጥፍራቸው ጥቂት ቆርጠው ከአንድ ሳንቲም ጋር ጨመሩበት፤ ያለፈው ዓመት ክፉ ነገር አብሮ ይሂድ ለማለት ነው።

«ፓ፣ ቤትዎን ያበላሸውን ወንዝ እንዴት ያመሰግኑታል?» አልኳቸው።

ቅጠሉን ማጠፋቸውን ሳያቋርጡ፣ «ልጄ፣ ዓመቱን ሙሉ የምንጠጣውም፣ የምናጠጣውም፣ ቆሻሻ የምንጥልበትም እሱ ነው። ይቅርታ የምንጠይቀው እኛ ነን» አሉኝ። ክራቶንግ በእርግጥም ለውኃዋ እናት ለሜ ኮንግካ የሚቀርብ ምስጋናና ይቅርታ መጠየቂያ ነው፤ ይህን ከዚህ በፊት ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ መስመር ሥር ሆኜ ስሰማው ግን ሌላ ክብደት አገኘ።

ስለ ሰማዩ ፋኖስ ብዙ አልጽፍም፤ ውበቱ የማይካድ ነው። ሆኖም ትልልቆቹ የጅምላ ልቀቶች ከከተማ ውጭ በትኬት የሚታዩ ሆነዋል፤ በከተማው ደግሞ እሳቱ በጣራ ላይ ስለሚወድቅ መልቀቅ የሚቻለው በተፈቀደ ቦታና ሰዓት ብቻ ነው። የአውሮፕላን በረራዎችም በዚያ ሌሊት ይሰረዛሉ ወይም ሰዓታቸው ይለወጣል። ለእኔ ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሰዉ በየደጃፉ የሚደረድራቸው፣ ሰምና የጥጥ ክር ያለባቸው ትንንሽ የሸክላ መብራቶች ይበልጣሉ።

ማታ በናዋራት ድልድይ አጠገብ ወደ ወንዙ ወረድን። ጎርፉ ያመጣው ደለል በዳርቻው ላይ ገና አልተጠረገም ነበርና ሰዉ እየተደጋገፈ ነበር የሚወርደው። ፓ ተንበርክከው ክራቶንጉን ወደ ግንባራቸው አንሥተው ረጅም ጊዜ ጸለዩ። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ ለውኃ እናት መጸለይ አልቻልኩም፤ እሳቸውም አልጠየቁኝም። ነገር ግን በጥምቀት ወደ ውኃ ወርጄ ያደግሁ ሰው ነኝና፣ በውኃ ዳር በአክብሮት መቆም እንግዳ አልሆነብኝም። ክራቶንጌን ለቅቄ በራሴ ቋንቋ ፈጣሪዬን ስለ ዝናቡም፣ በጎርፉ ቤታቸው ስለ ፈረሰባቸውም ለመንኩት።

በማግሥቱ ጠዋት ሠራተኞች ከወንዙ ዳር የሙዝ ግንድና የረጠበ አበባ እየሰበሰቡ መኪና ላይ ሲጭኑ አየሁ። ፎም ከተባለው ሰው ሠራሽ ነገር የተሠራ ክራቶንግም ጥቂት ቢሆንም አልጠፋም። ማታ ይህን ለፓ ስነግራቸው ተከዙ፤ ከሚመጣው ዓመት ጀምሮም ለቤቱ ሰው ሁሉ አንድ ትንሽ ክራቶንግ ይበቃናል አሉኝ። እኔም ተስማማሁ።