የጎበጠውን ቸርኬ አስጠገንኩት፣ ደህና የሚመስለውን ቀየርኩት

ሁለት ቸርኬዎቼ፣ ማለትም ጎማ የሚገጠምባቸው ክብ አካላት፣ አንድ ጉድጓድ ውስጥ ገቡ። የፊተኛው ጠርዙ በግልጽ ተሰርጉዷል። የኋላው ምንም የሆነ አይመስልም። በመጨረሻ የተሰረጎደውን አስጠግኜ፣ ደህና የሚመስለውን ቀየርኩት። ለብዙ ሰው ይህ የተገላቢጦሽ ነው። ስለዚህ እንዴት እንደወሰንኩ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

መኪናዬ ያሪስ ናት። ቸርኬዎቿ ከፋብሪካ አብረዋት የመጡ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ናቸው። ክረምት ነው፣ ማታ ነው፣ ቀለበት መንገድ ላይ ነኝ። ጉድጓድ ውሃ ሲሞላ ከአስፋልቱ ጋር እኩል ይሆንና ጥልቀቱ አይለይም። መጀመሪያ የግራ የፊት ጎማ ገባ። ወዲያው የኋላው ተከተለ።

ከተማ ውስጥ ብዙም አልተሰማኝም። በአዲስ አበባ መጨናነቅ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚነዳ ማን አለ? በፍጥነት መንገዱ ወደ አዳማ ስሄድ ግን ከ80 ሲያልፍ መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መሪ ላይ የሚሰማ መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ጎማዎች የሚመጣ ነው። ከኋላ ሲሆን ወንበሩና ወለሉ ላይ ይሰማል። እኔ ጋ የሚንቀጠቀጠው መሪው ብቻ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን ሁለቱም የግራ ጎማዎች ንፋስ ቀንሰው አገኘኋቸው።

የሰፈሬ ጎሚስታ ታታሪ ልጅ ነው። ገና ሲያያቸው «ጋሼ፣ ካላማዳሪያ እንክተትባቸውና ይገላገሉ» አለኝ። ካላማዳሪያ ጎማው ውስጥ ገብቶ ንፋስ የሚይዝ የላስቲክ ከረጢት ነው። ይህ ምክር በየጎሚስታው አለ፤ ቅን ምክርም ነው። እኔ ግን አልፈለግኩትም። ካላማዳሪያ ንፋሱን ይይዛል፣ ቸርኬው ለምን እንደሚያስተነፍስ ግን ይደብቃል። ንፋሱ መቀነሱ ለኔ ማስጠንቀቂያ ነው። ማስጠንቀቂያውን ከመዝጋቴ በፊት ምን እያለኝ እንደሆነ ማወቅ ነበረብኝ።

«መጀመሪያ በሳሙና ውሃ እንየው» አልኩት። ሁለቱንም ጎማዎች አውርዶ ሞላቸውና ዙሪያቸውን በሳሙና ውሃ ቀባ። የፊተኛው ላይ አረፋው የወጣው ከተሰረጎደው ቦታ ነው፤ ጎማውና የቸርኬው ጠርዝ በሚገናኙበት፣ ወደ መኪናው በሚዞረው የውስጥ በኩል። ይህ የሚጠበቅ ነው። የኋላው ላይ ግን ከጠርዙም፣ ከቫልቩም፣ ከጎማውም ምንም አልወጣም። ቸርኬውን ገልብጠን ስናየው ከጀርባው፣ ከበርሜሉ (ጎማው ከሚጠመጠምበት የቸርኬው ሰፊ ቀለበት) ላይ፣ ደቃቅ አረፋ ቀስ እያለ ይወጣል። እዚያ ቦታ ላይ ቀዳዳ የሚባል ነገር መኖር የለበትም።

ጎማዎቹን ከቸርኬው አስወለቅኳቸው። በዚህ ላይ ጠንካራ አቋም አለኝ፦ ጎማው እንደተገጠመ ስለ ቸርኬ መወሰን አይቻልም። ጎማው ራሱ የተጎዳ ሊሆን ይችላል፣ የሚዋልለውም እሱ ይሆናል። ባዶውን ቸርኬ የባላንስ ማሽኑ ላይ አስረን፣ ከጠርዙ አጠገብ የማይነቃነቅ ሽቦ አቁመን ቀስ ብለን አዞርነው። በሽቦውና በጠርዙ መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋና ሲጠብ በዓይን ይታያል። ቸርኬ ሁለት ዓይነት መጣመም አለው። አንዱ ወደ ላይና ወደ ታች የሚያዘልለው ነው፣ ክብነቱ ሲበላሽ የሚመጣ። ሌላው ወደ ጎንና ጎን የሚያዋልለው ነው። የኔ የፊቱ ቸርኬ ክብነቱ የተበላሸው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ወደ ጎን ግን ቀጥ ብሎ ይዞራል። ይህ ደስ አለኝ፤ መሃሉ አልተነካም ማለት ነው።

ቀጥሎ ስንጥቅ ፍለጋ ገባን። ዘዴው የድሮ መካኒኮች ነው። ቸርኬውን በደንብ አጥቦ ማድረቅ፣ በአንድ በኩል ጠመኔ በውሃ በጥብጦ ቀብቶ እንዲደርቅ መተው፣ በሌላው በኩል ነጭ ጋዝ መቀባት። ስንጥቁ ወዲያና ወዲህ የሚያስተላልፍ ከሆነ ነጭ ጋዙ በውስጡ ሾልኮ ጠመኔውን ያርሰዋል። የፊቱ ቸርኬ ነጭ እንደሆነ ቆየ። የኋላው ላይ ግን እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር ወጣ፤ ከውስጠኛው ጠርዝ ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚሄድ። ጎሚስታውም ዝም ብሎ አየው። ከዚያ በኋላ ስለ ካላማዳሪያ አላነሳም።

ስለዚህ የኋላው ጉዳይ አለቀ። «በአርጎን ጋዝ ይበየዳል» ያሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ ይበየዳል፣ ንፋስም ይይዛል። ችግሩ ብየዳው ዙሪያውን ያለውን አሉሚኒየም ማለስለሱ ነው። እነዚህ ቸርኬዎች ብዙውን ጊዜ ቀልጠው ቅርጽ ከያዙ በኋላ ለጥንካሬ ሲባል በልኩ እንዲሞቁና እንዲቀዘቅዙ ይደረጋል። በብየዳ እሳት ያ ጥንካሬ ይጠፋል። ቀጣዩ ስንጥቅ ከብየዳው አጠገብ ይጀምራል፣ የሚጀምረውም መኪናው ሰው ጭኖ ሲሄድ ነው። ልጆቼን የምጭንበት መኪና ላይ ይህን አልሞክርም።

የፊቱ ግን መዳን ይችላል። የተጎዳው የውስጠኛው ጠርዝ ነው፣ ቦታው አንድ ነው፣ ስንጥቅ የለውም፣ የቡሎን ቀዳዳዎቹና ጨረሮቹ (ከመሃል ወደ ጠርዝ የሚዘረጉት ክንዶች) አልተነኩም። የውስጠኛው ጠርዝ ጨረሮቹ ካሉበት ስለሚርቅ ደጋፊ የለውም፤ በጉድጓድ ቶሎ የሚጎዳውም እሱ ነው። ከእነዚህ ሁኔታዎች አንዱ ቢጎድል ኖሮ፣ ለምሳሌ ጨረሩ ላይ ትንሽ ጭረት መሳይ ስንጥቅ ባገኝ፣ ይህንንም እቀይረው ነበር።

ማን እንደሚያቃናው መምረጥ ከውሳኔው አይተናነስም። መጀመሪያ የሄድኩበት ቤት የጋዝ እሳትና መዶሻ ይዞ ተነሳ። አመስግኜ ወጣሁ። የብረት ቸርኬ በመዶሻ ቢቃና ብዙ ይታገሳል። አሉሚኒየም ግን ሌላ ነው። ብረት ሲግል ይቀላል፤ ቀለሙን አይቶ ማቆም ይቻላል። አሉሚኒየም እስኪቀልጥ ድረስ ቀለሙ አይለወጥም። ስለዚህ በዓይን ግምት የሚያሞቀው ሰው ከልክ ማለፉን የሚያውቀው ካለፈ በኋላ ነው። ሁለተኛው ቤት ቸርኬውን ማሽን ላይ አስሮ በዘይት ግፊት ቀስ እያለ የሚገፋ ነበር። ሲገፋ ያቆማል፣ ያዞራል፣ በመለኪያ ያያል፣ እንደገና ይገፋል። ባለሙያው ትልቅ ሰው ናቸው። «ቢጮህ አቆማለሁ፣ ገንዘብዎንም አልቀበልም» አሉኝ። አልጮኸም። ሲጨርሱ በጠመኔና በነጭ ጋዝ እንደገና እንድናየው ጠየቅኳቸው፤ ሲቃና የሚሰነጠቅ ቸርኬ አለና። ንጹህ ነበር። የከፈልኩት ከአሮጌ ኦሪጅናል ቸርኬ ዋጋ በጣም ያነሰ ነው። ብር በገበያ እንዲመነዘር ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ መለዋወጫ ምን ያህል እንደተወደደ ለምታውቁ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቸርኬው ዳነ እንጂ ጎማው አልዳነም። የፊቱ ጎማ ወደ ውስጥ በሚዞረው ጎኑ እብጠት ነበረው። ያ እብጠት ማለት ጎማውን ከውስጥ የሚይዙት ክሮች ተበጥሰዋል ማለት ነው። አይጠገንም። መኪናው ላይ እያለ ከውጭ ስለማይታይ፣ ጉድጓድ የመታ ጎማ ሲወልቅ ሁለቱንም ጎን በእጃችሁ ዳብሱት።

ለኋላው ምትክ ፍለጋ የመኪና መለዋወጫ ወደሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጮች «የያሪስ ነው» ይላሉ፤ እኔ ግን ልኩን ይዤ ነው የሄድኩት። የኔዋ ያሪስ 4 በ100 ናት፤ አራቱ ቡሎኖች 100 ሚሊ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ላይ ተደርድረዋል ማለት ነው። የመሃል ቀዳዳው 54.1 ሚሊ ሜትር ነው። 4 በ114.3 የሆነ ቸርኬ ሩቅ ሲያዩት አንድ ይመስላል፣ ግን አይገባም። የመሃል ቀዳዳው የሰፋ ደግሞ ይገባል፣ ነገር ግን መሃሉን ስቶ ሊታሰር ይችላል፣ ከዚያ በባላንስ የማይጠፋ መንቀጥቀጥ ያመጣል። ከጀርባው ጄ.ደብሊው.ኤል የሚል የጃፓን የቀላል ቸርኬ ደረጃ ምልክት እንዳለው አየሁ። ከመክፈሌ በፊት እዚያው በነጭ ጋዝና በጠመኔ ፈተሽኩት። አዲስ ቀለም የተቀባ አሮጌ ቸርኬ አልገዛም፤ ቀለም ስንጥቅንም ብየዳንም ይሸፍናል።

ከአሉሚኒየም ወደ ብረት ቸርኬ ለመቀየር ለምታስቡ ደግሞ ዳዶውን፣ ማለትም ቡሎኑ ላይ ጠብቆ ቸርኬውን የሚያስረውን፣ ተመልከቱ። የብዙ ኦሪጅናል የቶዮታ የአሉሚኒየም ቸርኬዎች ዳዶ ጠፍጣፋ መቀመጫና ዋሸር አለው። የብረቱ ደግሞ አፉ እንደ ሾጣጣ ነው። አንዱ ለሌላው አይሆንም። ጥርሱ ስለሚገባ ብቻ የታሰረ ይመስላል፣ እየሄደ ይላላል።

ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ባላንስ አስደረግኩ፣ ቴስቲናውን (የመሪውን መገጣጠሚያ) እና አሞርዛተሩን (ንዝረት የሚያበርደውን) አስፈተሽኩ፣ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫ) አስተካከልኩ። ዳዶዎቹን በመለኪያ ቁልፍ 103 ኒውተን ሜትር አስጠበቅኩ፣ ጥቂት ከነዳሁ በኋላም ደገምኩት። የአዳማ መንገድ ላይ መሪው ጸጥ አለ። ንፋሱም አልቀነሰም።

የተሰነጠቀውን ቸርኬ አንድ ሰው በጥሩ ዋጋ ሊገዛኝ ጠይቆ ነበር። በይዶ እንደሚሸጠው አልደበቀኝም። እኔም ሦስት ቦታ አስቆርጬ ለአሉሚኒየም አቅላጮች በኪሎ ሸጥኩት።