ሽሮን ጨው ቀንሼ ያጣፈጥሁበት መንገድ

የደም ግፊት ያለበት ሰው ጨው እንዲቀንስ ሲመከር፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚታሰበው ወጥ ሲሠራ ተቆንጥሮ የሚጨመረው ጨው ብቻ ነው። ደሴ ላይ ቤቴን እያስተዳደርሁ ይህንኑ ምክር ስቀበል ግን፣ ከሁሉ አስቀድሜ ያደረግሁት ጨው ወደ ገበታዬ የሚገባባቸውን በሮች አንድ በአንድ መቁጠር ነበር። በርበሬው ሲሰናዳ ጨው ይገባበታል፤ ምጥን ሽሮው ያንኑ በርበሬ ይዞ ይፈጫል፤ ሚጥሚጣውና አዋዜውም ከጨው ነፃ አይደሉም፤ ከዳቦ ቤት የሚመጣው ዳቦም ጨው አለው፤ ገጠር ወዳሉት ዘመዶቼ ስሄድ ደግሞ ቡናው ራሱ በጨው ይቀርባል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች፣ ማለትም አንድ የሻይ ማንኪያ የማይሞላ ጨው ሲሆን፣ ይህ መጠን በዳቦውም በወጡም በቡናውም ውስጥ ያለውን ሁሉ ያጠቃልላል። ስለዚህ ድስቱ ላይ እጄን መሰብሰቤ ብቻውን የትም እንደማያደርሰኝ ተረዳሁ።

ሽሮ በቤታችን የየዕለት ምግብ ነው። ክርስቲያኑ በረቡዕና በዓርብ ጾሙ፣ ሙስሊሙም በአዘቦት ቀኑ የሚበላው፣ በወሎ ሁላችንንም በአንድ ገበታ የሚያስቀምጠን ምግብ በመሆኑ፣ ከእርሱ መራቅን ፈጽሞ አልፈለግሁም። ሽሮዬን ከምተው ይልቅ ከወፍጮ ቤት ጀምሬ እንደ አዲስ ላሰናዳው ወሰንሁ።

አተርና ሽምብራ ገዝቼ ለቀምሁ፤ አምሼ ከከካሁት በኋላም ገለባውን አበጠርሁ። በርበሬውን ጨው ሳላስነካ ለብቻው አዘጋጀሁ። ጨው የሚተወውን ባዶ ቦታ የሚሞላ ነገር ስለሚያስፈልግ፣ በቅመሙ በኩል እጄን ፈታሁ፤ ኮረሪማውን፣ ነጭ አዝሙዱን፣ ድንብላሉንና በሶብላውን ቀድሞ ከምጨምረው ከፍ አድርጌ ከክኩ ጋር አስፈጨሁ። የቅመም መዓዛ ከተፈጨ በኋላ እየደከመ ስለሚሄድ፣ ለብዙ ወራት የሚሆን ሽሮ በአንድ ጊዜ ማስፈጨቱን ትቼ በጥቂት በጥቂቱ ማስፈጨት ጀመርሁ። ለወፍጮ ቤት መመላለሱ አድካሚ ቢሆንም፣ አዲስ የተፈጨ ሽሮ ክዳኑ ሲነሣ የሚሰጠው ሽታ ድካሙን ይክሳል።

ዋናው ነገር ግን ያለው ቁሌቱ ላይ ነው። ቀይ ሽንኩርቱን በጣም ደቀቅ አድርጌ ከትፌ፣ በሸክላ ድስት ያለ ዘይት በለሰስ እሳት አቁላላዋለሁ፤ ሊይዝ ሲል ውኃ ጠብ እያደረግሁ፣ ቀላ ብሎ የራሱ ጣፋጭነት እስኪወጣ ድረስ አልቸኩልም። ከዚያ በኋላ ነው ዘይቱና በርበሬው የሚገቡት። ውኃው ሲፈላ ሽሮውን በአንድ እጄ እየነሰነስሁ፣ በሌላው እጄ እንዳይጓጉል አማስለዋለሁ፤ እሳቱንም አለዝቤ ዘይቱ ወደ ላይ ብቅ እስኪል እንዲንተከተክ እተወዋለሁ። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን ወደ መጨረሻው እጨምራለሁ፤ ድስቱ ከወረደ በኋላ ደግሞ ጥቂት ሎሚ እጨምቅበታለሁ። ያለ ጨው የተሠራ ወጥ ከምንም በላይ የሚጎድለው ምላስን የሚቀሰቅስ ነገር ሲሆን፣ ይህን ጉድለት ኮምጣጣ ነገር በደንብ እንደሚሞላው በተግባር አይቻለሁ። ለዚህም ከሎሚው ይልቅ የረዳኝ እንጀራው ነው፤ በቤታችን ሲጋገር ጨው አይገባበትም፣ በወጉ ከቦካ ደግሞ ኮምጣጣነቱ ወጡን ያነሣዋል። ለእኔ የተፈቀደችውን ጨው የምጨምረው በመጨረሻ፣ ለብቻዬ ላይ ላዩን ነስንሼ ነው፤ ላይ ያረፈች ጨው ምላስ ቶሎ ስለሚያገኛት ጥቂቷ ትበቃለች።

ከምግቡ ይልቅ የከበደኝ ገበታው ነበር። በመጀመሪያ የእኔ ድስት ለብቻ፣ የቤተሰቡም ለብቻ ይሠራ ነበር፤ በዚህ አኳኋን ግን ሽሮው የቱንም ያህል ቢጣፍጥ ብቻን መብላት አያስደስትም። ስለዚህ ድስቱ አንድ እንዲሆን፣ ጨው የሚፈልግ ሰው በፊት ለፊቱ በምትቀመጥ ትንሽ ስኒ ሚጥሚጣ እንዲያጣቅስ ተስማማን። አማቴ ሊጠይቁን መጥተው ይህን ሲያዩ፣ «ልጄ፣ አልጫ የሆነ ወጥ ለሰው ይቀርባል?» ብለው አዘኑ። ስሜታቸው ይገባኛል፤ ጨው ከዳናክል በግመል ተጭኖ ወደ ደጋው ይወጣ በነበረበት፣ አሞሌም እንደ ገንዘብ ባገለገለበት አገር፣ ጨው የሳሳለት ወጥ ማቅረብ ንፍገት መስሎ ቢታይ አያስገርምም። የቡና አጣጬ የሆነችው ጎረቤቴ ግን «አብሽሪ፣ ምላስም ይለምዳል» አለችኝ፤ እንዳለችውም ከሳምንታት በኋላ ቀድሞ የምወደው የሆቴል ሽሮ ጨው የበዛበት ሆኖ አገኘሁት። በቡናዬም በጨው ፋንታ ጤና አዳም ማድረግ ለምጃለሁ።

ይህን መንገድ መከተል ለሚፈልግ ሦስት ነገር ማሳሰብ እወዳለሁ። ጨው መቀነስ መድኃኒቱን አይተካም፤ እኔም ኪኒኔን ሳላቋርጥ እወስዳለሁ። የምትቀረዋ ጥቂት ጨው አዮዲን ያላት መሆን አለባት፤ የአዮዲን እጥረት እንቅርት ያስከትላልና፣ ጨው የቀነሰ ሰው አዮዲን የሌለውን ጨው መምረጥ የለበትም። የጨው ምትክ ተብለው የሚሸጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ፖታሲየም ስላላቸው፣ ኩላሊቱን የሚያመው ወይም እንደ ኢናላፕሪል ያሉ የደም ግፊት መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሐኪሙን ሳያማክር ሊነካቸው አይገባም።

እስካሁን በሚገባ ያልፈታሁት የሰርግና የተዝካር ጉዳይ ነው። በፍቅር የተጠቀለለ ጉርሻ ወደ አፍ ሲመጣ እምቢ ማለት በእኛ ዘንድ ከባድ ነው። የመጀመሪያዋን ጉርሻ በምስጋና እቀበላለሁ፤ ከዚያ በኋላ አጉራሼን አስቀድሜ እኔው አጎርሳለሁ። በዚያ ቀን በቤቴ የምበላው ሁሉ ያለ አንዲት ቅንጣት ጨው እንዲሆን አደርጋለሁ።