የሙዚቃ ትምህርት ቤት የጆሮ ፈተና ለጎጃም ልጅ

ከደብረ ማርቆስ፣ ከቢቸና ወይም ከዳንግላ ተነስተው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት የሚፈልጉ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ የሚጨነቁት «መሣሪያ አልችልም» ብለው ነው። ከመሣሪያው በፊት ግን ጆሮና ምት አሉ። በነዚህ ደግሞ ቅዳሴና ማሲንቆ እየሰማ ያደገ ልጅ ባዶ እጁን አይመጣም፤ ያለውን ፈታኙ በሚፈልገው መልክ ማቅረብ ነው የሚቀረው።

የወረቀቱን ጉዳይ በአጭሩ። ያሬድ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ነውና የተሰጥኦ ፈተና ማለፍ ብቻውን አያስገባም፤ የ12ኛ ክፍል ውጤትና የዩኒቨርሲቲው መስፈርት ለብቻው ይታያል። መስፈርቱ ስለሚቀያየር የአምናውን ማስታወቂያ ይዛችሁ አትነሱ። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ የዓባይን በረሃ ወርዶ ወጥቶ በዚያው ቀን ለማዜም መሞከር ደረቅ ጉሮሮ ይዞ መቅረብ ነው። ዋዜማውን ገብታችሁ እደሩ።

የተለመደው የጆሮ ፈተና እንዲህ ነው፦ ፈታኙ ፒያኖ ላይ አንድ ድምፅ ይመታል፣ እናንተ ያንኑ ድምፅ «ላ» እያላችሁ በማዜም ትመልሳላችሁ። ቀጥሎ ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ አጭር ዜማ፣ በመጨረሻ ጭብጨባ። አንደኛው ስህተት ችኮላ ነው፤ ድምፁ ጆሮ ውስጥ ሳይረጋ አፍ ይቀድማል። ሰምታችሁ፣ በልባችሁ አዚማችሁ፣ ከዚያ አውጡት። ድምፁ ከፍ ካለባችሁ ያንኑ ኖታ በራሳችሁ ኦክታቭ (ያው ስም ባለው ዝቅ ያለ ድምፅ) ማለት ይቻላል።

ከዜማ ቤት የመጣ ተማሪ የሚሳሳተው በሌላ በኩል ነው። ድምፅ ሲሰጡት ርክርክና ሕደት የሚባሉትን የዜማ ምልክቶች ይጨምርበታል። ለማኅሌት ውበት የሆነው እዚህ ፈታኙን ያደናግራል፤ የተጠየቀው አንድ ቀጥ ያለ ድምፅ ነው። ለልምምድ የስልክ መቃኛ ክፈቱና አንዱን ድምፅ 8 ሰከንድ ያህል መርፌው ሳይወዛወዝ ያዙ። አሰልቺ ነው፤ ይሠራል።

ሁለተኛው ችግር ከሰባቱ የኖታ ስሞች (ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ላ፣ ሲ) «ፋ» እና «ሲ» ናቸው። ትዝታ ሜጀር የሚባለው ቅኝት ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ነው፤ ሁለቱ የሉበትም። ስለዚህ በትዝታ ያደገ ጆሮ ሰባቱን ድምፅ ሲወጣ ፋን ወደ ላይ ይገፋታል፣ ሲን ዝቅ ያደርጋታል። መድኃኒቱ ከዚያው ከቅኝታችን አለ። ባቲ ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው፤ ከሚ ወደ ፋ፣ ከሲ ወደ ዶ ያሉት ግማሽ ድምፆች ሁለቱም አሉበት። ከአንድ ዶ ተነስታችሁ ትዝታን፣ ከዚያ ባቲን፣ ከዚያ ሁለቱን ቀላቅላችሁ ውጡ፦ ሙሉው የሜጀር ስኬል ተገኘ። አንቺ ሆዬ የሚባለውን ቅኝት ለጊዜው ተዉት፤ ለጀማሪ ጆሮ ፈታኝ ነው።

ምት ላይ ችክችካ (የለመድነው የ6/8 ምት) ያታልላል። በ4/4 የተሰጠ ጭብጨባ ሳይታወቅ ወደ 6/8 ይንሸራተታል፤ ሁለት እኩል መከፈል ያለበት ምት ሦስት ይሆናል። ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርጋችሁ፣ እግራችሁ ሳይቀየር አንድ ደቂቃ ሁለት ሁለት፣ አንድ ደቂቃ ሦስት ሦስት አጨብጭቡ። ሽግግሩ ላይ እግር ከተደናቀፈ ችግሩ እዚያ ነው።

መሣሪያ ይዛችሁ የምትቀርቡ ከሆነ ጊታር ትናንት ጀምሮ ከመምጣት በደንብ የሚታወቅ ዋሽንት ይሻላል ባይ ነኝ። ዋሽንት ቁመቱ ቅኝቱን ስለሚወስነው ከፒያኖ ጋር መግጠሙን ቀድማችሁ አረጋግጡ። ክራር ላይ አዲስ ክር እየላላ ይወርዳልና ከፈተናው ጥቂት ቀናት በፊት ቀይሩት፤ በር ላይ ሆናችሁ ደግሞ እንደገና ቃኙ። የማሲንቆ ደጋን ዕጣን ካልተቀባ የደጋኑ ጭራ የክሩን ጭራ አይዝም፣ ድምፁ ይንሸራተታል።

ከገቡ በኋላ ዋና መሣሪያው ማሲንቆም ሆነ ቫዮሊን፣ ፒያኖ ጎን ለጎን ይመጣል፤ የሶልና የፋ ቁልፍን (ለከፍተኛና ለዝቅተኛ ድምፆች የሚውሉትን የኖታ ምልክቶች) አብሮ ማንበብም እንዲሁ። ጥሩ ጆሮ ያለው ተማሪ እዚህ ጋ ነው የሚዘናጋው። መምህሩ አንድ ጊዜ ሲጫወት ሰምቶ በቃሉ ይይዘዋል፣ ኖታውን ያየ ይመስላል። «ከ9ኛው ባር ጀምር» (ባር ማለት ኖታው በቋሚ መስመር የሚከፈልበት ክፍል ነው) ሲባል ይጠፋበታል። በየቀኑ ሰምታችሁት የማታውቁትን 4 ባር ብቻ ውሰዱ፣ በጣም በዝግታ አንብቡ፣ ብትሳሳቱም አትቁሙ፤ በነጋታው ሌላ 4። ያንኑ ከደገማችሁት ጆሮ ሥራውን ይነጥቃል፣ ዓይን ሳይለምድ ይቀራል።