ከቋሚው ግርጌ የሚነበቡ የታይላንድ ቤቶች

በጎጃም የእንጨት ቤት የሚያሠራ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚጨነቀው መሬት ውስጥ ስለሚቀበረው የቋሚ ክፍል ነው። የባሕር ዛፉ ግርጌ ከመተከሉ በፊት የተቃጠለ ዘይት ይቀባል ወይም በእሳት ይለበለባል፤ እንዲያም ሆኖ ምስጡና የክረምቱ እርጥበት ውለው አድረው ይደርሱበታል። የታይላንድን ባህላዊ የእንጨት ቤቶች ፎቶግራፍ የሚያይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ጣሪያውን ያደንቃል፤ እኔ ግን በደብረ ማርቆስ ዙሪያ በማየው ነገር የተነሣ ከቋሚዎቹ ግርጌ ጀመርሁ።

በመካከለኛው ሜዳ ቻኦ ፕራያ የሚባለው ወንዝ በዝናብ ወራት ሞልቶ ዳርቻውን ስለሚያጥለቀልቅ፣ ወለሉ ሰው ሳያጎነብስ በሥሩ ሊያልፍ በሚችልበት ከፍታ ላይ ይነጠፋል። ውኃው ሲሸሽ ከወለሉ ሥር ያለው ጥላ የሽመና፣ የዕቃ ማስቀመጫና የማረፊያ ቦታ ይሆናል። ቋሚዎቹም ግድግዳዎቹም ወደ ውስጥ በመጠኑ ያዘነበሉ ሲሆኑ፣ መኝታ ክፍሉ፣ በረንዳውና ጣሪያ የሌለው ሰገነት እያንዳንዳቸው ወደ 40 ሳንቲሜትር ገደማ በሚሆን ልዩነት ደረጃ በደረጃ ዝቅ ይላሉ፤ በዚህ ክፍተት ነፋስ ከሥር ይገባል፣ ሰውም እግሩን አንጠልጥሎ ይቀመጥበታል። ሴት ልጅ ስታገባ ደግሞ እንደ እኛ አገር ርቆ ጎጆ መውጣት የግድ አይደለም፤ ብዙ ጊዜ በዚያው ሰገነት ጫፍ ሌላ ቤት ይጨመርላታል።

ከሁሉ ያስደነቀኝ ግድግዳው ነው። ቲክ ከሚባል ጠንካራ እንጨት የሚሠራው ግድግዳ መሬት ላይ በሰሌዳ በሰሌዳ ተዘጋጅቶ ካለቀ በኋላ ወደ ላይ ይነሣና ያለ ምስማር፣ በብስና በእንጨት ችካል ብቻ ይጋጠማል፤ ስለዚህ ቤቱ ሳይሰበር ተፈታትቶ በወንዝ ተጭኖ ሌላ ቦታ ሊተከል ይችላል። ጂም ቶምፕሰን የተባለው አሜሪካዊ የሐር ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1959 በባንኮክ የሠራው መኖሪያ ከስድስት አሮጌ ቤቶች የተገጣጠመ ሲሆን፣ ከእነዚህም አንዳንዶቹ የመጡት ከጥንታዊቷ ዋና ከተማ ከአዩታያ ነው። ቶምፕሰን በአንዳንድ ክፍሎች የግድግዳውን የውጭ ፊት ወደ ውስጥ አዙሮ ገጥሞታል። ለእኔ ይህ ከውበት ይልቅ የባለጸጋ ጨዋታ ይመስለኛል፤ ቢሆንም የአናጺዎቹን ብልሃት ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ማስረጃ አላገኘሁም።

በሰሜን፣ በቺያንግ ማይ አካባቢ፣ ግድግዳው በተቃራኒው ወደ ውጭ ያዘነብላል፤ በጣሪያው ጫፍም «ካሌ» የሚባሉ ሁለት የተቀረጹ እንጨቶች ተጣምረው ወደ ሰማይ ይወጣሉ። መስኮቶቹ ጥቂትና ትንንሽ ናቸው፤ የደጋው ብርድ ስለሚከብድ ነው፣ ከጮቄ ሥር ያደገ ሰው ምክንያቱን መጠየቅ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ1848 በቺያንግ ማይ የተሠራው የካምቲየንግ ቤት ዛሬ ባንኮክ ውስጥ የአገሩን ባህልና ታሪክ በሚያጠናው በሲያም ማኅበር ግቢ ቆሞ ይገኛል። የሰሜን ምሥራቁ ቤት ከሁሉም ቀለል ያለና ጌጡ ያነሰ ነው።

ወደ ደቡብ ሲወረድ ግን የእኛ ጭንቀት መፍትሔ አግኝቶ ይታያል። ዝናቡ ከሌላው ክፍል ይልቅ ረጅም ወራት ስለሚቆይና መሬቱ እርጥብ ስለሆነ ቋሚው አይቀበርም፤ በድንጋይ ወይም በሲሚንቶ መሠረት ላይ ይቆማል፣ ልክ የእኛ ጎተራ በድንጋይ ላይ እንደሚቀመጠው። ታዲያ ለእህሉ ያሰብንለትን ለመኖሪያው ለምን እንዳላሰብንለት ይገርመኛል፤ ምናልባት የተቀበረ ቋሚ ነፋስን የተሻለ ስለሚችል ይሆናል።

እ.ኤ.አ. በ1988 መጨረሻ በደቡብ ታይላንድ በደረሰው ከባድ ጎርፍ፣ ከተራቆቱ ተራሮች የወረደ ጭቃና ግንድ መንደሮችን ስለቀበረ፣ መንግሥት በ1989 መጀመሪያ በተፈጥሮ ደን ውስጥ ለንግድ እንጨት መቁረጥን ከለከለ። ከዚያ ወዲህ ጥሩ የአገሩ ቲክ አብዛኛውን ጊዜ ከአሮጌ ቤት እንጂ ከጫካ የሚገኝ አልሆነም፤ ብዙ ቤቶችም ለእንጨታቸው ሲባል ተፈታትተው ተሸጡ። በአዲሶቹ ቤቶች የእንጨቱ ቋሚ በኮንክሪት ተተክቷል፣ የታችኛው ባዶ ጥላም በብሎኬት እየታጠረ ተጨማሪ ክፍል ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2011 ጎርፍ መካከለኛውን ሜዳ ዳግመኛ ሲሸፍነው እነዚያን የታጠሩ ክፍሎች ውኃ ሞላቸው።