ውሃ ያስነሳው እሳት

ሐምሌ ነበር፤ ኮምቦልቻ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሯል። በምሠራበት የግንባታ ዕቃ መጋዘን፣ የእንጨት ርብራብ ላይ የተደረደሩት የኖራ ጆንያዎች ንጋት ላይ ሲጨሱ ተገኙ። ስደርስ የጥበቃው ሽማግሌ ባልዲ ውሃ ይዘው ይሮጣሉ።

«አባባ፣ ውሃ እንዳይደፉበት!»

«ታዲያ እሳት በምን ይጠፋል፣ ልጄ?»

ደረቆቹን ጆንያዎች አሸሸን፤ የሚጨሰውን እንጨት በአካፋ ጎትተን ደረቅ አሸዋ አለበስነው። እስከዚያ ሥራ አስኪያጁ ጥፋተኛውን አግኝተው ነበር፤ ሽማግሌው ማታ ማታ ቡና የሚያፈሉበት የከሰል ምድጃ። የጉዳቱ ዋጋ ከደመወዛቸው እንዲቆረጥ ደብዳቤ ሊጻፍ ነው።

የእኔ ዓይን ግን ጣሪያው ላይ ነበር። ሚስማሩ በላላበት በኩል ቆርቆሮው ያንጠባጥባል፤ ጠብታው የሚያርፈው በተቀደዱት ጆንያዎች ላይ ነው። የተቀደዱትም ኖራው አብጦ ስለገፋቸው እንጂ ነበልባል ነክቷቸው አይደለም። ምድጃው ደግሞ ከመጋዘኑ ውጭ፣ በር ላይ ነው ያለው።

ይህ ኖራ ገና ውሃ ያልነካው ዓይነት ነው። የሚገኘው የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስ እቶን ተቃጥሎ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣለት ነው። መቃጠሉ ለእያንዳንዱ ሞል (ኬሚስቶች የቁስ መጠን የሚለኩበት አሃድ ነው) 178 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይበላል። ኖራው ውሃ ሲያገኝ ከዚያ ውስጥ 65 ያህሉን ወዲያው ይመልሳል። (ቀሪው የሚወጣው ግድግዳ ተለስኖበት ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር መልሶ ሲወስድ ነው፤ በጣም ስለሚዘገይ ማንም አይሰማውም።) አንድ ኪሎ ንጹሕ ኖራ በዚህ መንገድ ከ1,100 ኪሎ ጁል በላይ ያወጣል፤ ሦስት ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ ለማፍላት ይበቃል። በተከመረ ጆንያ መሐል ሙቀቱ መውጫ ስለሌለው እንጨቱን እስከ ማክሰል ይደርሳል። ባልዲው ቢደፋበት ኖሮ የሚፈላ ኖራ ፊታችን ላይ ይረጭ ነበር።

ትምህርት ቤት ሙቀት ሰጪ አጸግብሮት (ሙቀት የሚያወጣ ኬሚካዊ ለውጥ) ማለት ከሙቀቱ ቁጥር ፊት የመቀነስ ምልክት ያለበት ነው ተብለን ተምረናል። ፈተና ላይ ያንን ምልክት ስቶ የማያውቅ ሰው፣ መጋዘን ውስጥ ጭስ ሲያይ ከሰል ፍለጋ መሄዱ ይገርመኛል።

ሥራ አስኪያጁ ቁጥሩን ሊሰሙኝ አልፈለጉም። ከደረቁ ጆንያ ቡጢ የሚያህል አንድ ጓል አንሥቼ ጣሳ ውስጥ ጨመርኩና ራቅ እንዲሉ ነግሬ የዝናብ ውሃ አፈሰስኩበት። መጀመሪያ ምንም የለም። ዝም ብለው አዩኝ። ከዚያ ጓሉ ተሰነጠቀ፣ ሲስስ አለ፣ እንፋሎቱ ተነሣ፤ ውሃው እንደ ገንፎ ወፍሮ ቶፍ ቶፍ ማለት ጀመረ። ጣሳውን በባዶ እጅ መንካት አልተቻለም።

ደብዳቤው ቀረ፤ ቆርቆሮ የሚጠግን ሰው ተጠራ። ሽማግሌው ጣሳውን ጎንበስ ብለው አይተው፣ «እኔ ይህን ሁሉ ዘመን ከሰል የምገዛው ለምን ነበር?» አሉኝ።